«በሶውን አበበ በላው»፦ ባለቤቱ የት ተቀመጠ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ፣ ተመካክረው የጻፉ ይመስል፣ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት ቦታው የት ነው? ሌሎቹን፣ ያንን የማያልቀውን የ«ሐ» እና የ«ኀ» ጭቅጭቅ ጨምሮ፣ ለሚቀጥለው ወር አሳድሬያቸዋለሁ።

*

«ቲቸር፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አማርኛ ፈተና ላይ "ከባለቤቱ ሥር አስምር" የሚል ጥያቄ መጣ። ዓረፍተ ነገሩ "በሶውን አበበ በላው" ነው። እኔ "አበበ" ላይ አሰመርኩ። መምህራችን ግን "ባለቤት ማለት መጀመሪያ የሚመጣው ነው" ብሎ "በሶውን" ላይ ላሰመሩት ማርክ ሰጠ። ሁለት ማርክ ሄደብኝ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ በዓለም ላይ ተሳቢን የሚያስቀድም ቋንቋ አለ?»
ተማሪ፣ ከአዳማ

ልኩ አንተ ነህ። ሁለት ማርክህን ማስመለስ ግን በእኔ ሥልጣን አይደለም። ይህን ገጽ ቆርጠህ ለመምህርህ የምትሰጥ ከሆነም በትሕትና ይሁን፤ እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት ልክ እንደ እሱ ነበርና።

ደብረ ብርሃን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሦስት ሣጥን እሥል ነበር። መጀመሪያው ባለቤት፣ መካከለኛው ተሳቢ፣ መጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ። «አበበ በሶ በላ» ሦስቱ ሣጥን ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»ም እንደዚያው። እኔም ደስ ይለኛል፣ ተማሪውም ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ከኋላ ወንበር ጋቢ ተከናንቦ የሚቀመጥ ልጅ (በደብረ ብርሃን ብርድ ማን ይከለክለዋል?) እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሆዴን ቆረጠኝ» አለ። «ውጣ፣ ሂድ» ልለው አፌን ስከፍት «አይ፣ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቱ የቱ ነው ልል ነው» አይለኝም!

ሣጥኖቼን አየኋቸው። «ሆዴን» ባለቤት እንዳይሆን «ን» ለጥፏል፣ ተሳቢ ነው። «ቆረጠኝ» ላይ ያለው «ኝ» እኔ ነኝ፤ እሱም ተሳቢ ነው። ሁለት ተቆራጭ አለ፣ ቆራጩ የለም። «ቁርጠት ነዋ!» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ። ክፍሉ ሳቀ። ማታ ቤቴ ገብቼ «ራሴን አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» እያልኩ ስቆጥር፣ እኛ አበሾች ሲከፋን ሲከፋን ባለቤቱን ከዓረፍተ ነገሩ እንደምናስወጣው ገባኝ። በማግስቱ ሦስቱን ሣጥኖች መሣል ተውኩ።

ወደ በሶው እንመለስ። አንድ ቋንቋ አድራጊውን ከተደራጊው የሚለይባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ ወንበር ነው፤ የፊተኛው አድራጊ፣ የኋለኛው ተደራጊ ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚኖረው በዚህ ነው፤ «ውሻ» እና «ሰው» ቦታ ሲቀያየሩ ተነካሹ ይቀየራል። ሁለተኛው ስሙ ላይ ምልክት መለጠፍ ነው። ሦስተኛው ግሡ ራሱ እየጠቆመ እንዲናገር ማድረግ ነው። አማርኛችን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ይሠራባቸዋል። «በሶውን» ላይ «ን» አለ። «በላው» ላይ ያለው «ው» ደግሞ ወደ በሶው ዞሮ ይጠቁማል። ይህ ሁሉ ጥበቃ ስላለ አበበ የትም ቢቀመጥ አይጠፋም።

ለፈተና የሚሆን መለያ ልስጥህ፤ ከሣጥን ይሻላል። ስሙን በሴት ወይም በብዙ ቀይረውና ግሡ ለማን እንደሚታዘዝ ተመልከት። «በሶውን አልማዝ በላችው።» ያቺ «ች» ከየት መጣች? ከአልማዝ። «በሶውን ልጆቹ በሉት።» «ሉ» ያሰኘው ልጆቹ ናቸው። አሁን ደግሞ «አልማዝ በሶውን በላችው» ብለህ ቦታ አቀያይር፤ «ች» ንቅንቅ አትልም። ግሡ የሚታዘዘው ስም፣ ፊት ይቀመጥ ኋላ፣ እሱ ባለቤት ነው።

ታዲያ በሶው ለምን ቀደመ? ወሬው ስለ በሶው ስለሆነ ነዋ። እናትህ «እዚህ አስቀምጬው የነበረው በሶ የታለ?» ብትል «አበበ በሶውን በላው» ብለህ አትመልስም፤ «በሶውንማ አበበ በላው» ትላለህ። ቀድሞ የተነሣው ነገር ይቀድማል፣ አዲሱ ወሬ ወደ ግሡ ይጠጋል። ጥፋቱን አበበ ላይ አጥብቀህ ማላከክ ካማረህ ደግሞ «በሶውን የበላው አበበ ነው» ብለህ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ትሰነጥቀዋለህ። ይህቺን ስንጠቃ ከጠዋት እስከ ማታ እንጠቀምባታለን፤ ልብ ብለህ አድምጥ።

የመምህርህ ሕግ ግን እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ጅብ ውሻ ነከሰ» እና «ውሻ ጅብ ነከሰ» የሚሉትን ተመልከት። የታወቀ ውሻ፣ የታወቀ ጅብ ስላልሆኑ «ን» የለም። ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ነጠላ ስለሆኑ ግሡም አያግዝም። እዚህ ላይ የቀረን ወንበር ብቻ ነው፤ የፊተኛው ነካሽ ነው። ምልክት ሲጠፋ ወንበር ሥራ ይጀምራል።

ከአዳማ ስለጻፍክ አንድ ነገር ልጨምር። ኦሮምኛ የምትናገር ከሆነ ምልክቱ የሚለጠፈው በተቃራኒው ወገን እንደሆነ ታውቃለህ። «ናሚቺ ዹፌ» ሰውየው መጣ ነው፤ «ናሚቻ አርጌ» ሰውየውን አየ ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ መልኩን የሚለውጠው ባለቤቱ ሲሆን ተሳቢው እንደ መነሻው «ናሚቻ» ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ተሳቢውን እናስጌጣለን፣ እነሱ ባለቤቱን። ሁለታችንም ግሡን መጨረሻ እናስቀምጣለን።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄህ። ባለቤት፣ ተሳቢና ግሥ በስድስት ዓይነት መንገድ ሊሰለፉ ይችላሉ። ጆሴፍ ግሪንበርግ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አነጻጽሮ ባወጣው ጽሑፍ፣ ዝንባሌዎቹን ሲዘረዝር ከሁሉ ያስቀደመው ይህንን ነው፦ ባለቤቱና ተሳቢው ስም ሲሆኑ፣ በተለመደው አነጋገር ባለቤት ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከተሳቢው ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ ማቲው ድራየር የተባለ ሌላ የቋንቋ ሊቅ ከ1,370 የሚበልጡ ቋንቋዎችን ቆጥሯል። ከ560 በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ «አበበ በሶ በላ» ይላሉ፤ ጃፓንኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲ እዚህ ናቸው። 490 ያህሉ እንደ እንግሊዝኛና ቻይንኛ «አበበ በላ በሶ» ይላሉ። 95 ያህሉ «በላ አበበ በሶ» ይላሉ፤ አይሪሽና ዌልሽ ከእነዚህ ናቸው። 190 የሚጠጉት ደግሞ ይህ ነው የሚባል ቋሚ ሰልፍ የላቸውም።

ባለቤቱን ከተሳቢው ኋላ የሚያስቀምጡት አርባ ያህል ብቻ ናቸው። ከእነዚህ የሚበዙት «በላ በሶ አበበ» የሚሉት ሲሆኑ የማዳጋስካር ቋንቋ ዋነኛው ነው። «ማናሳ ላምባ ኒ ቬሂቫቪ» ይላሉ፤ «ታጥባለች ልብስ ሴትዮዋ» እንደማለት። ተሳቢው ከሁሉ የሚቀድምባቸው ከእነዚህም ያንሳሉ፤ ሁለቱን ዓይነት ብትደምር አሥራ አምስት ገደማ ናቸው። አንዱ ሂሽካርያና ነው። ብራዚል፣ አማዞን ጫካ ውስጥ ጥቂት መቶ ሰዎች ይናገሩታል። ዴዝመንድ ደርቢሻየር የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ አብሯቸው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ይኸው፣ የለም የተባለው ሰልፍ አለ» ብሎ ጻፈ። ምሳሌው ይህ ነው፦ «ቶቶ ዮኖዬ ካማራ።» ቶቶ ሰው፣ ዮኖዬ በላ፣ ካማራ ጃጓር የሚሉት የጫካ አውሬ ነው። እኔና አንተ በወንበር ሕግ ብናነበው ሰውየው አውሬውን በልቶ አደረ እንላለን። የተበላው ግን ሰውየው ነው። መምህርህ እዚያ ሄዶ ቢያስተምር ኖሮ ክፍሉ ሁሉ ማርኩ ይሄድበት ነበር።

*

«እትዬ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ አማርኛ ይሞክራል፤ ግን "እኔ በላሁ ዳቦ"፣ "እሷ ሰጠችኝ መጽሐፍ" ነው የሚለው። እናቴ በስልክ ስትሰማው በሳቅ ትፈርሳለች። አሁን አሁን ስልክ ሲጠራ መደበቅ ጀምሯል። እንዴት ላርመው?»
የሁለት ልጆች እናት

መጀመሪያ የሚታረሙት እማማ ናቸው። እናትዎ ሳቁን እንዲያቆዩት በደንብ ይንገሩልኝ፤ በልጅ አፍ መሳቅ ልጁን ከቋንቋው ጋር ያኳርፈዋል።

ቀጥሎ ልጅዎ ያወቀውን እንይ። «ሰጠችኝ» ብሏል። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሰጪዋ ሴት፣ ተቀባዩም እሱ እንደሆነ ተነግሯል። ከባዱ ይሄ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ የውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ሳስተምር ወር ሙሉ የፈጀብኝ ነገር ነው። እሱ ያለ ችግር አስገብቶታል። ያልገባለት ሰልፉ ብቻ ነው፤ ሰልፉን ከትምህርት ቤቱ ይዞት ነው የመጣው።

እኔ ከሰልፉ ይልቅ ጆሮዬን የሚቆረቁረኝ «እኔ» እና «እሷ» ናቸው። እንግሊዝኛ ባለቤት የሌለው ግሥ አይታየውም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይባላል። ያ «ኢት» ማን ነው? ማንም አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው። እኛ «እየዘነበ ነው» ብለን እንጨርሳለን። ጣልያኖችም እንደ እኛ ናቸው፣ ግሣቸው ስለሚናገር ተውላጠ ስሙን ይጥሉታል። ልጅዎ «በላሁ» ሲል «ሁ» እሱን ተናግራለች። ላይዋ ላይ «እኔ» ሲጨምርባት በአማርኛ ሌላ ነገር ይሆናል፤ «እኔ በላሁ፣ አንተ ግን…» የሚል ፉክክር ያለበት ይመስላል። አሜሪካ ያደጉት የእህቴ ልጆች ሲያወሩ «እኔ፣ እኔ» ሲበዛባቸው አንድ ጎረቤታችን «ምነው እነዚህ ልጆች ራሳቸውን ወደዱ» ማለታቸውን አልረሳውም። ሰዋስው እንጂ ጠባይ አልነበረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከማስተካከልዎ በፊት «እኔ»ን ያስጥሉት። «ምን በላህ?» ይበሉት። «ዳቦ» ይላል። «ዳቦ ምን?» ይበሉት። «በላሁ።» አለቀ፤ ራሱ «ዳቦ በላሁ» አለ። የጥያቄው መልስ ቀድሞ ስለሚወጣ ግሡ ወዶ መጨረሻ ይገባል። ሕግ አይንገሩት፤ በሰባት ዓመቱ ስለ ማሰሪያ አንቀጽ ምን ያደርግለታል?

«ግሥ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው» ብለው ደግሞ አያስምሉት፤ እርስዎ ራስዎ ሲያፈርሱት ይሰማዎታል። በሩ ሲንኳኳ «መጡልሽ እንግዶቹ!» እንላለን። «የት ሄደ ይሄ ልጅ?» እንላለን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በሣጥን ቢሠራ «በሰማይ ላም አለኝ» ይሆንና ቤት መምታቱ ይቀር ነበር። በንግግር ላይ የተረሳውን ወይም የሚታወቀውን ነገር ከግሡ ኋላ እንጥለዋለን። የልጅዎ «በላሁ ዳቦ» ከዚህ የሚለየው እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሚለው ነው።

በነገራችን ላይ የግሡ መጨረሻ መቀመጥ እኔንም አዋርዶኛል። ከማስተማሩ ጎን ለጎን አንዳንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ አስተረጉም ነበር። አንድ የገጠር ሽማግሌ ስለ መስኖ ዕቅድ ሲናገሩ «ይህንን ዕቅድ፣ እኛ ሽማግሌዎቹም ገበሬዎቹም፣ ከታችኛው መንደር ሰዎች ጋር ሦስት ቀን ቁጭ ብለን፣ ጉዳቱንም ጥቅሙንም አይተን…» እያሉ ቀጠሉ። ፈረንጆቹ የጆሮ ማዳመጫቸውን ይዘው ያዩኛል። በእንግሊዝኛ «እኛ» ካልኩ ወዲያው ግሥ ማስከተል አለብኝ፤ የሽማግሌው ግሥ ደግሞ ገና አልመጣም። ፊታቸው ፈካ ያለ መሰለኝና «ተቀብለነዋል» ብዬ ለፈረንጆቹ ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ትንፋሽ ወሰዱና «…አልተቀበልነውም» ብለው ቋጩ። አዳራሹ ግማሹ ሲያጨበጭብ ግማሹ ሲያጉረመርም የነበረውን አልነግርዎትም።

*

«መምህርት ሆይ፣ የግእዝ ተማሪ ነኝ። ግእዝ "ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ" ሲል አማርኛ "እግዚአብሔር ሰማይን ፈጠረ" ይላል። ልጅ ነው ከተባለ ልጁ እናቱን ለምን አልመሰለም?»
ዲያቆን፣ ከጎንደር

ይህቺ ጥቅስ የልጅነት እፍረቴን ቀሰቀሰችብኝ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ወንዶቹን ግቢ ውስጥ ዙሪያ አስቀምጠው ሲያስነብቡ እኔ እንጀራ ጋገራ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ሲባል ገብረ እግዚአብሔር የሰው ስም መስሎኝ ኖሯል፤ ታች መንደር አንድ ገብረ እግዚአብሔር ነበሩና። ሰማይና ምድርን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው ማለት ነው ብዬ መንገድ ላይ ሳገኛቸው እስከ መሬት እጅ እነሣ ነበር። የአገልጋይነቱ «ገብረ» እና የማድረጉ «ገብረ» በፊደልም በድምፅም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

አሁን ጥቅሱን እንየው። ግሥ፣ ከዚያ ባለቤት፣ ከዚያ ተሳቢ። በዕብራይስጡም «በሬሺት ባራ ኤሎሂም» ነው፤ ፈጠረ አምላክ። ለግእዝ ጆሮ ያለው ሰው ይህንን ሲሰማ ሰልፉን ወዲያው ያውቀዋል። ዛሬ በጎዳና የሚነገረው ዕብራይስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ያስቀድማል።

ነገር ግን ግእዝ ግሡን ሁልጊዜ ያስቀድማል ብለህ እንዳትይዝ። በመዝሙር 67 «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ይላል። እዚህ ኢትዮጵያ ከግሡ በፊት ናት። አማርኛው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ባለቤቷ በሁለቱም ፊት ናት፤ የሸሸው ግሡ ነው። በግእዙ «ታበጽሕ» ከ«እደዊሃ» ይቀድማል፣ በአማርኛው «ትዘረጋለች» ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል።

እኔ ከቋንቋ ሊቃውንቱ ክርክር ያሳመነኝ ይህ ነው። የቤቱን አሠራር የሚወስነው በግሡና በተሳቢው መካከል ያለው ሰልፍ እንጂ የባለቤቱ ወንበር አይደለም። ባለቤት እንደ ወሬው ሁኔታ ፊትም ይቀመጣል፣ መካከልም ይገባል። ግሡ ከተሳቢው ኋላ ሲሄድ ግን ሌላው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይዞራል። ግእዝ «ቤተ ንጉሥ» ይላል፣ ባለንብረቱ ከኋላ ነው፤ አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ግእዝ «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል፤ አማርኛ «የመጣ ሰው» ይላል። የድሮውን ሰልፍ ማየት ከፈለግህ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ መጻሕፍት» እያልን ዛሬም እንጠራዋለን።

አልዞርም ያለም አለ። ግሥ መጨረሻ የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» የሚባሉትን ዓይነት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ኋላ ያደርጓቸዋል። አማርኛ ከአያቶቹ የወረሳቸውን ከፊት አስቀርቶ ከኋላ ሌላ ጨመረባቸው፤ «ከጠረጴዛው ላይ»፣ «በቤቱ ውስጥ» እንላለን። በፊትም በኋላም የተዘጋ ሣጥን ነው።

«ለምን?» ላልከው፣ ብዙ ሊቃውንት የሚስማሙበት መልስ ጉርብትና ነው። የእኛ ሴማዊ ቋንቋዎች ያደጉት ከኩሻውያን ጋር፣ በሰሜኑ በተለይ ከአገው ሕዝብ ጋር ተጋብተውና ተዋልደው ነው። ከአገው ቋንቋዎች ኽምጣኛም አዊኛም ግሣቸውን የሚያስሩት መጨረሻ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አገውኛ የሚናገር ሰው ሴማዊ ቋንቋ ሲማር ቃሉን ይወስዳል፣ ሰልፉን ግን ከእናቱ ቤት ያመጣዋል፤ ያ የሜሪላንዱ ልጅ እንደሚያደርገው ማለት ነው። በባቢሎን አገርም ይኸው ደርሷል። አካድኛ ሴማዊ ሆኖ ሳለ ግሡን መጨረሻ ያደርጋል፤ ጎረቤቱ ግሥ መጨረሻ የሚያደርገው ሱሜርኛ ነበር። ደግሞም ትግርኛ ልክ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚያስር፣ እናቱን አልመሰለም ብለህ አማርኛን ብቻውን አትውቀሰው። በዚያውም ላይ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግእዝን የአማርኛ እናት ከማለት አክስት ማለት ይቀናቸዋል።

*

«እትዬ፣ ጅዳ ነው ያለነው። ልጄ በዐረብኛ "ልጆቹ ሄዱ" ለማለት "ዘሀቡ አል-አውላድ" ብላ ጻፈችና አስተማሪዋ "ዘሀበ" ብላ አረመቻት። ብዙ ልጆች እያሉ ግሡ እንዴት ነጠላ ይሆናል?»

እዚህ ላይ ወንበር ሥራ አለው። በመጽሐፍ ዐረብኛ ግሡ ከባለቤቱ ከቀደመ የባለቤቱን ብዛት አይቆጥርም፤ «ዘሀበ አል-አውላዱ»፣ «ሄደ ልጆቹ» እንደማለት ነው። ባለቤቱ ከቀደመ ግን ይቆጥራል፤ «አል-አውላዱ ዘሀቡ» ይላል። ጾታን በሁለቱም ቦታ ያከብራል፤ ለሴቶቹ «ዘሀበት አል-በናቱ» ይባላል። ልጅሽ ባለቤቱን አስቀድማ ጽፋ ቢሆን ኖሮ «ዘሀቡ»ዋ ልክ ነበር።

የጥንቶቹ የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ በሁለት የኢራቅ ከተሞች፣ በባስራና በኩፋ፣ ጎራ ለይተዋል። የባስራዎቹ ከግሡ የቀደመው ስም ባለቤት፣ «ፋዒል» አይባልም አሉ፤ እሱ የወሬው መነሻ፣ «ሙብተደእ» ነው፣ እውነተኛው ባለቤት «ዘሀቡ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ናት አሉ። የኩፋዎቹ ባለቤት ቢቀድምም ባለቤት ነው ብለው ተከራከሩ። አዳማ ላለው ተማሪ ይህንን ባነብለት ምን ይል ይሆን?

ለልጅሽ ማጽናኛ አለኝ። ግሡን አስቀድመው በብዙ የሚናገሩ የጥንት ዐረቦች ነበሩ። ሊቃውንቱ አነጋገራቸውን «የአከሉኒ አል-በራጊስ ቋንቋ» ብለው ስም አውጥተውለታል። «በሉኝ ቁንጫዎቹ» ማለት ነው። ቃል በቃል አማርኛ ነው፣ እኛም ብንሆን እያከክን እንደዚያው ነው የምንለው። ልጅሽ አማርኛዋን ይዛ ስለሄደች ተሳሳተች እንጂ ያለ ምክንያት አልተሳሳተችም።

*

«የሰው ልጅ መጀመሪያ የተናገረው በየትኛው ሰልፍ ነው?» አንባቢ፣ ከሐዋሳ

በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ቦታም አልቋል። የመጀመሪያውን ሰው የሰማ የለም። ግን ደስ የሚል ሙከራ አለ። ሱዛን ጎልዲን-ሜዶውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛና ቱርክኛ ተናጋሪዎች አንድን ድርጊት አፋቸውን ዘግተው በእጅ ብቻ እንዲያሳዩ ጠየቁ። የሦስቱ ቋንቋ ሰልፍ «አበበ በላ በሶ» ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም በእጃቸው አብዛኛውን ጊዜ ያሳዩት በ«አበበ በሶ በላ» ሰልፍ ነበር። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ አል-ሰይድ በምትባል የቤዱዊን መንደር ደግሞ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ብዙ ስለተወለዱ ማንም ሳያስተምራቸው የምልክት ቋንቋ ፈጥረዋል። ዙሪያቸውን የሚነገሩት ዐረብኛና ዕብራይስጥ ግሡን ከተሳቢው ሲያስቀድሙ የእነሱ ምልክት ግን ግሡን መጨረሻ ያደርጋል።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ እሑድ ለምሳ የመጡትን ሦስት የወንድሜን ልጆች «አያት ዳቦ ቆረሰች» የሚለውን በእጃችሁ አሳዩኝ አልኳቸው። ትልቋ ነጠላ ተከናነበች፣ ክብ ዳቦ ሠራች፣ ከዚያ ቆረሰች። መካከለኛው እሷን አይቶ ደገመ። ትንሹ ግን አያትንም ዳቦንም አላሳየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሶቡ ሄዶ እውነተኛውን ዳቦ ገመጠው።